ከመንገዱ ማዶ የቆመችው

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሜፕልዉድ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከገበያ ማዕከሉ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ አለ። እታፈራሁ እዚያ አልጋ ታነጥፋለች፣ ገላ ታጥባለች፣ የደከመውን ደግፋ ታራምዳለች። አንድ የኅዳር ቀትር የታጠበ አንሶላ የጫነችበትን ጋሪ እየገፋች በምግብ አዳራሹ በር ስታልፍ፣ ለማንም ይታይ ተብሎ ያልተደረገ ነገር አየች።

በዚያ ቤት የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሚስታቸው ከሞተች ቆይቷል፤ እርሳቸው ግን አያስታውሱትም። ምሳ በቀረበ ቁጥር "ባለቤቴ የት ሄደች?" ብለው ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ሠራተኛ እውነቱን ይነግራቸዋል። ያን ጊዜ ሽማግሌው መርዶ ገና ዛሬ እንደ ደረሰው ሰው ሆነው ያለቅሳሉ። በዚያ ቀን ግን ማዶ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት አሮጊት የራሳቸውን ሾርባ ትተው ተነሡ። ወንበራቸውን ጎትተው ከሽማግሌው አጠገብ አደረጉና፣ "ኮቷን ልታመጣ ሄዳለች፤ ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ ጀምር ብላሃለች" አሏቸው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ማንኪያቸውን አነሡ።

እታፈራሁ ጋሪዋን ይዛ ቆመች። እግዚአብሔር የሚልከው ሁሉ ክንፍ የለውም፤ አንዳንዱ ዎከር የሚሉትን መደገፊያ እየገፋ ነው የሚመጣው ብላ አሰበች።

አሮጊቷ ኤልስፔት ይባላሉ። ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ተጠግቷል። ሴንት ፖል ተወልደው፣ እዚያው በትምህርት ቤት ጸሐፊነት አገልግለው እዚያው ያረጁ፣ ዘራቸው ግን ከስኮትላንድ የሆነ ሴት ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ እታፈራሁ ክፍላቸውን ለማጽዳት ስትገባ ትንሽ ቆየት ማለት አመጣች። እርሳቸውም ስሟን አሳጥረው "ኤታ" ይሏት ጀመር። ሻይ ስታመጣላቸው ኩባያውን ወደ ብርሃን አንሥተው ይመረምሩታል።

"ኤታ፣ ይህ ሻይ ነው ወይስ ካልሲ የታጠበበት ውሃ?"

"ካልሲው ንጹሕ ነበር፣ ሚስ ኤልስፔት።"

"እንግዲያው ይጠጣል።"

ኤልስፔት ቀኑን የሚያሳልፉት ታብሌታቸው ላይ አጎንብሰው ነው። የሚፈልጉት አያታቸውን፣ የእናታቸውን እናት ነው። እናታቸው ያደገችው ፋይፍ በሚባል የስኮትላንድ አውራጃ፣ በከሰል ቆፋሪዎች መንደር ውስጥ ነው። በሕዝብ ቆጠራው መዝገብ ላይ ትንሽ ልጅ ሆና ትገኛለች። ከስሟ አጠገብ ግን "ልጅ" አይልም፤ "ተቀማጭ" ይላል፤ በሰው ቤት ደባል ማለት ነው። ገና ጥርሷ ያልተነቀለ ተቀማጭ! በምትጠራበት የአባት ስም የልደት መዝገብ ቢፈለግ ደግሞ ጨርሶ የለም።

"በዚያ ዘመን በስኮትላንድ የጉዲፈቻ ሕግ አልነበረም" ብለው አስረዷት ኤልስፔት። "ሕጉ የመጣው በ1930 ነው። ከዚያ በፊት ልጅ ከቤት ወደ ቤት የሚሻገረው በቃል ነበር። አንዷ ትሰጣለች፣ አንዷ ትቀበላለች፣ በሩ ይዘጋል። እንግዲህ እኔ ወረቀት የሌለውን ነገር ወረቀት ውስጥ ስፈልግ ነው ያረጀሁት።"

ሳቁ። ሳቃቸው ግን ለብቻው የቀረ ሳቅ ነበር፤ እታፈራሁ ልታግዘው አልቻለችም። ምክንያቱም በቃል የተሻገረ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። እንዲህ ያለች ልጅ አሳድጋለች።

ነገሩ ከሠላሳ ዓመት በፊት አዳማ ውስጥ የሆነ ነው። እታፈራሁና ባሏ ጌቱ ቤት በተከራዩበት ግቢ ከሚሪያ የምትባል ወጣት ሴት ትኖር ነበር። ባሏ በመኪና አደጋ ሞቶ እርጉዝ ሆና ብቻዋን ቀረች። እርግዝናዋ ሲገፋ ፊቷና እግሯ አበጠ፣ ዓይኗ ብዥ አለባት። ምጥ በያዛት ዕለት ደግሞ ሰውነቷ ተንዘፍዝፎ ራሷን ሳተች። በእግዚአብሔር ቸርነት እናትም ልጅም ተረፉ፤ ከሚሪያ ግን ከዚያ ወዲያ ጤና የሚባል ነገር አላየችም። ሕፃኗን ጋዲሴ አለቻት። ጋዲሴ መቆም ስትጀምር፣ ከሚሪያ ሽማግሌ ልካ መካኖቹን እታፈራሁንና ጌቱን አስጠየቀች። ስጪን ያላሏት ሴት፣ "እኔ አላሳድጋትም፣ ውሰዱልኝ" አለች።

የተፈጸመው በከሚሪያ ወገን፣ በኦሮሞ የጉዲፈቻ ደንብ ነው። ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ ሽማግሌ መረቁ፤ ጌቱ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ሕፃኗን አጠባት፤ እታፈራሁም ወተት አግቶ የማያውቅ ጡቷን ማር ቀብታ አጠባቻት። ቀጥሎ መሐላ መጣ። ባልና ሚስቱ "የአብራካችን ክፋይ ናት፤ አልወለድንሽም የሚል ቃል ከአፋችን አይወጣም" ብለው ማሉ። ከሚሪያ ደግሞ "ባወጣሁላት ስም አልጠራትም፤ የቤታችሁንም ደጃፍ አልረግጥም" ብላ ማለች። ጌቱና እታፈራሁ ለሕፃኗ ሮሆቦት የሚል አዲስ ስም አወጡላት፤ እግዚአብሔር ስፍራ አሰፋልን ሲሉ ነው።

ከሚሪያ ግቢውን ለቃ ወጣች። ቃሏንም አላጠፈችም። ግን በገበያ ቀን እየመጣች ከመንገዱ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ትቆም ነበር። አትጣራም፣ አትሻገርም፣ እጇን እንኳ አታነሣም። ልጅቷ ደጅ ስትጫወት አይታት ትሄዳለች። እታፈራሁ ደንብ ማፍረስ መስሏት አንድ ቀን "ነይ ግቢ" ብላት አታውቅም። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ግድግዳው ሥር ማንም አልነበረም። በሚቀጥለውም አልነበረም። ኩላሊቷ ነው የገደላት አሉ።

ዲቪ ደርሷቸው ወደ ሚኒሶታ ሲመጡ፣ ጌቱ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነበርና ጉዳዩን ለዳኛውም ለቆንስሉም በግልጽ ተናግሮ አስፈቀደ። እንግዲህ ሁለት መንግሥታት ያውቃሉ። አዳማ ያለ የድሮ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው እንደሚባለው፣ ያልሰማችው ሮሆቦት ብቻ ናት። ጌቱም መሐላውን እንደ ያዘ በሰላም አረፈ። ለልጅቷ ሊነግራት የሚገባ አንድ አፍ ብቻ ቀረ።

እታፈራሁ በዚህ ነገር ተጨንቃ አታውቅም ነበር። ልጅቷን ወዳ አሳድጋለች፤ ስትዳርም አልቅሳለች። ጭንቀቱ የመጣው ከደስታ ጋር ነው። ሮሆቦትና ባሏ አቤኔዘር ለዓመታት ሲጸልዩ ቆይተው፣ በመጨረሻ ፀነሰች፤ በዚህ ክረምት እርግዝናው ገፋ። ባልና ሚስቱ ሆፕኪንስ በምትባል ከተማ ከእታፈራሁ ጋር በአንድ አፓርታማ ይኖራሉ። አቤኔዘር ሻኮፒ ካለ መጋዘን ሺፍት ላይ ስለሚሆን፣ ለቼክአፕ አብራ የምትሄደው እናት ናት።

አንድ ቀን አዋላጅ ነርሷ ኮምፒውተሯ ላይ ዓይኗን ተክላ የቤተሰብ ጤና ትጠይቅ ጀመር። ከእናትሽ ወይም ከእህቶችሽ በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት የነበረባት አለች? ሰውነቷ ያበጠ፣ የተንቀጠቀጠች? ሮሆቦት ወደ እናቷ ዞረች።

"ማም፣ እኔን ስትወልጂ ፕሬሸር ነበረብሽ?"

"ማን? እኔ?"

"አይ፣ ጎረቤታችን!" ብላ ሮሆቦት ሳቀች። "አንቺ ነሻ! ሌላ እናት አለችኝ እንዴ?"

እታፈራሁ ኦቦ ዲንሳ ፊቷ ቆመው የሚያዩዋት መሰላት። "ምንም አልነበረብኝም" አለች። ይህ እንኳ በራሷ በኩል እውነት ነው። ነርሷ ግን ቀጠለች፤ ወሊዱስ ደህና ነበር?

"ቀላል ነበር" አለች እታፈራሁ።

ነርሷ ደስ ብሏት ጻፈችው።

ሆፕኪንስ ያለው ቤታቸው የወጥ ቤት መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው ያያል። ከማቆሚያው ባሻገር መንገድ አለ፤ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የተዘጋ ልብስ ማጠቢያ ቤት። ከክሊኒክ በተመለሱ ማግሥት እታፈራሁ ሽንኩርት ስትከትፍ ቀና ብትል፣ ከዚያ ግድግዳ ሥር አንዲት ሴት ቆማለች። ሻርፕ ተከናንባለች። አውቶቡስ የምትጠብቅ ትሆናለች አለች። በዚያ መንገድ ግን አውቶቡስ አያልፍም። በዚያ ብርድ ሰው ሲቆም እጁን ኪሱ ይከታል፣ እግሩን ያነሣል ይጥላል፤ ይህቺ እጇን ወደ ታች ለቃ እንደ ተተከለች ናት። እታፈራሁ ድስቱን አማስላ ስትመለስ የለችም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አለች። ያን ጊዜ እታፈራሁ ጃኬቷን ደርባ ወረደች፤ ተሻግራም አየች። ግድግዳው ሥር ያለው በረዶ አልተረገጠም።

ጸለየች። በኢየሱስ ስም ገሠጸች። እየገሠጸች ግን ልቧ አላመነም፤ ርኩስ መንፈስ መሐላ አይጠብቅም፣ ይህቺ ደግሞ መንገዱን አትሻገርም።

ለማንም አልተነፈሰችም። አንድ እሑድ ከሰዓት ግን ሮሆቦትን መስኮቱ ዘንድ ቆማ አገኘቻት፤ አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው።

"ምን ታያለሽ፣ ልጄ?"

"ምንም። አይ ዶንት ኖው፣ ማም። የሚመጣ ሰው ያለ ይመስለኛል… እየጠበቅሁ ያለሁ ዓይነት።"

"ማን ይመጣል?"

"እሱን እኮ ነው የማላውቀው።" ትከሻዋን ነቀነቀች። ግን ከመስኮቱ አልተነሣችም።

ከአቤኔዘር በቀር የሳቀ አልነበረም። "የሚመጣማ አለ፣ ማሚ፤ እኔ ክሪብ የምገጥምለት" አለ፣ መሬት ላይ የሕፃን አልጋውን ብሎኖች በትኖ እንደ ተቀመጠ።

በዚያው ሰሞን ነው ኤልስፔት ስለ እናታቸው ሳይጠየቁ የተናገሩት። እታፈራሁ ፀጉራቸውን እያበጠረችላቸው ነበር።

"እናቴ ቀኑ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ድስቱን ትታ መስኮት ዘንድ ትቆም ነበር። 'ምን ታያለሽ?' እላታለሁ። 'የነገውን አየር' ትለኛለች። ሞቷ ሲደርስ ግን፣ 'በሩ ላይ ቆማለች፤ በውርጭ አታስቁሟት' ማለት ጀመረች። ማን ናት ስላት፣ 'ያቺ የማትገባዋ' አለችኝ። በር ከፈትሁላት፣ ማንም የለም። ከዚያ ወዲህ ይኸው እኔ እጠብቃታለሁ።"

እታፈራሁ ዞራ ወደ መስኮቱ ተመለከተች።

ኤልስፔት አላዩም፤ ንግግራቸውን ቀጠሉ። የስኮትላንድን ትውልድ የሚያጠኑ ሰዎች አንድ ነገር መክረዋቸው ነበር፤ ልጅ በቃል ሲሰጥ እናቲቱን ሩቅ አትፈልጉ፣ የጎረቤቱን በሮች እዩ ብለው። አዩ። እናታቸው ካደገችበት ቤት በሁለተኛው በር ጄሲ የምትባል ወጣት ልብስ አጣቢ ትኖር ነበር፤ ባል የላትም። እርሷ ትሁን አትሁን የሚል ማስረጃ ግን የለም። በምራቅ በሚደረግ የዘር ምርመራ የተገኙ የሩቅ ዘመዶችም "እኛ ምንም አልሰማንም" ብለው መልሰዋል።

"ሁሉም ቃላቸውን ጠበቁ" አሉ ኤልስፔት። "ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እንዲህ ያደረጉኝ ደጋግ ሰዎች ናቸው።"

እታፈራሁ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ በሥራ ሰዓት እንዲህ ተቀምጣ አታውቅም። ከዚያ ስለ ማሩ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ፣ ነርሷ ስለ ጠየቀችውና እርሷ ስለ መለሰችው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። ኤልስፔት እስኪያልቅ ሰሟት፤ ሲያልቅ ፊታቸው ቀልቷል።

"ንገሪያት። ዛሬ።"

"መሐላ አለብኝ፣ ሚስ ኤልስፔት። በእግዚአብሔርና በሰው ፊት የገባሁት።"

"የመሐላሽን ደንብ አላውቅም። የማውቀው ይህን ያህል ኖሬ አያቴን በስሟ ጠርቼ አለማወቄን ነው። የአንቺ ልጅ ደግሞ ከስምም በላይ የሚያስፈልጋት ነገር አለ። ሂጂ፣ ፀጉሬ እንደ ቆመ ይዋል።"

ሄደች፤ ግን የሄደችው ወደ ወጥ ቤቱ ነው። እዚያ ሙሊሳ የሚባል ምግብ አብሳይ አለ፤ አባቱ በአገራቸው ደንብ አዋቂ ሽማግሌ ነበሩ።

"እትዬ እታፈራሁ፣ ዛሬ ፊትዎ እንደ እኔ የሰኞ ሾርባ ሆኗል። ጨው ልጨምር?"

"ቀልዱን ተወውና ስማኝ። በማር የተገባ መሐላ ይፈታል?"

ሙሊሳ ጭልፋውን አስቀመጠ። "አባቴ ሲፈቱ አይቻለሁ። ሰው የሚጎዳ መሐላ ሲሆን ይፈታል፤ ግን በጓዳ አይደለም። በሁለት ወገን የታሰረ በሁለት ወገን ነው የሚፈታው። የሰጪዋ ወገን ቆሞ ፈቅጃለሁ ይላል፣ ማር ይቀመሳል፣ አበቃ።"

"ሰጪዋ ሞታለች። ዘመድም የላት።"

"እንግዲያው በቦታዋ የሚቆምላት ሰው ይፈለጋል። ደግ ሴት ብትሆን፤ ከእርስዎ ወገን ያልሆነች፣ እርስዎን ፈርታ የማትናገር።" ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፤ "አይቆዩ፣ እትዬ። መሐላ ሲከብድ ከተሸከመው ሰው አልፎ ነው የሚጎዳው።"

ቅዳሜ ጠዋት ሮሆቦት ጫማዋ አልገባ አላት። "ሉክ፣ ማም! እግሬ ዳቦ ሆነ!" እያለች ሳቀች። እታፈራሁ እግሯን አየችው። ሳሙናና ጭስ ከሚሸተው ከአዳማው ግቢ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ጣት ቢጭኑት የሚጎደጉደውን ያንን እግር። ክሊኒክ እንድትደውል አስገደደቻት። ተለካች፤ ግፊቱ በጥቂቱ ከፍ ብሏል። ተረኛዋ ነርስ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለ ወዲያው እንድትመጣ አስጠንቅቃ፣ "በእናትሽ በኩል ምንም ስለሌለ ብዙም አያሰጋም፤ ሰኞ በደንብ እናየዋለን" ብላ ሰደደቻት።

በእናትሽ በኩል ምንም የለም። እታፈራሁ ይህን ቃል ይዛ አደረች።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መኪናውን ሲያሞቅ፣ እታፈራሁ ይህን ታሪክ የጻፈችውን ሴት እጅጌዋን ያዘቻት። በአንድ ጉባኤ ብዙ ዘመን አብረው ዘምረዋል፤ እስከዚያ ቀን ግን ከሰላምታ ያለፈ ጨዋታ አልነበራቸውም። መኪና ውስጥ ተቀምጠው፣ ማሞቂያው እየነፋ፣ እዚህ የተጻፈውን ሁሉ ነገረቻት። አላለቀሰችም። መስተዋቱ በትንፋሻቸው ጉም ሲለብስ በመዳፏ እየጠረገች፣ ወደ መንገዱ ማዶ ደጋግማ ትመለከት ነበር። ማን እንዳለ አልተናገረችም፤ ሰሚዋም ዞራ ለማየት አልደፈረችም።

"እግዚአብሔር አንድ ልጅ ሰጠኝ" አለች በመጨረሻ። "በሌላ ሴት ሆድ አድርጎ ሰጠኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጦታውን ሳመሰግን ያመጣችልኝን ሴት አንድ ቀን አላመሰገንሁም። አሁን ልጄ ብትጠላኝም ትጥላኝ፤ በሕይወት ኖራ ትጥላኝ።"

"አትጠላሽም።"

"እሱን አንቺም አታውቂ፣ እኔም አላውቅ። ይልቅ አንድ ነገር ልለምንሽ፣ እህቴ። ነገ ቀጠሮ አላት፤ ሐኪሟ ዘንድ እውነቱን ይዛ መሄድ አለባት። ዛሬ ልነግራት ነው። በእኔ ወገን እኔ አለሁ። በከሚሪያ ወገን ማንም የለም። አንቺ ዘመዴ አይደለሽም፣ አትፈሪኝምም፤ ቁሚላት። ማሩን ቤት አስቀምጫለሁ። እኔ ተናግሬ ስጨርስ፣ 'በከሚሪያ ስም ፈቅጃለሁ' በይልኝ፤ ልጅቷም ወላጅ እናቷ ያወጣችላትን ስም ከአንቺ አፍ ትስማው፤ እኔ ብለው ድምፄ ይሰበርብኛል። አቤኔዘርም ዛሬ ሥራ የለው፣ ቤት ነው። መንገዱን አታውቂው እንደሆን ከኋላዬ ተከተይኝ፤ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።"